ስም ያልወጣለት ዘበኛ፦ የምዕራብ ጎጃም የገጠር ውሻ ታሪክ፣ ጠባይና አያያዝ

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከብቱ ወደ በረት፣ በጉ ወደ ጉረኖ፣ ሰውም ወደየቤቱ ሲገባ ከደጅ የሚቀር አንድ የግቢው አባል አለ፤ እርሱም ውሻ ነው። ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ከጃቢ ጠህናን ቀበሌዎች ተነሥቶ በስተምዕራብ እስከ ቡሬና ወምበርማ፣ በስተሰሜንም እስከ ሰከላና ቋሪት ደጋ የሚጓዝ መንገደኛ ወደ አንድ ግቢ ሲቃረብ አስቀድሞ የሚሰማው የሰው ድምፅ ሳይሆን የውሻ ጩኸት ነው። «ውሻ ያዙ!» ብሎ ከአጥር ውጭ መቆምም የአገሩ ወግ ነው። ባለቤቱ ወጥቶ ውሻውን እስኪገሥጽ ድረስ እንግዳው ወደ ግቢው አይገባም።

በዚያው አገር የሚረባው በግ የታወቀ ስም አለው። ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ጠጉሩ አጭር፣ ራሱም ቀንድ አልባ የሆነው ይህ በግ «ዋሸራ» ተብሎ በኢትዮጵያ የበግ ዝርያዎች ጥናት ውስጥ ቦታ አግኝቷል። በጣና ዙሪያ የሚረባው ከብትም «ፎገራ» ይባላል። ዋሸራውን ከቀበሮና ከጅብ የሚጠብቀው ውሻ ግን እስከ ዛሬ የዝርያ ስም አልወጣለትም። ከተሜው «የሐበሻ ውሻ» ይለዋል፤ ይህም ቢሆን ከፈረንጅ ውሻ ለመለየት ያህል እንጂ የዝርያ ስያሜ አይደለም። እያንዳንዱ ውሻ በየቤቱ የሚጠራበት ስም እያለው ወገኑ በጠቅላላው ስም አልባ ሆኖ ቀርቷል።

ይህ ጉዳይ የስያሜ ክርክር ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም። ስም የሌለው እንስሳ በቆጠራ አይገባም፤ በቆጠራ ያልገባም በዕቅድ አይታሰብም፤ በዕቅድ ያልታሰበም ክትባት አይደርሰውም። ከዚህም የተነሣ የገጠሩ ውሻ ጤነኛ ሆኖ በሚያገለግልባቸው ዓመታት ሁሉ ከባለሙያ ዓይን ተሰውሮ ይኖርና ያበደ ዕለት ብቻ ይታወሳል። የታሪኩ ዋነኛ ጉድለትም ይኸው ነው።

መልኩና ጠባዩ

የምዕራብ ጎጃም የገጠር ውሻ ቁመቱ መካከለኛ፣ አካሉ ቀጭንና ጠንካራ፣ ደረቱ ጥልቅ፣ ሆዱ የተሰበሰበ ነው። ጠጉሩ አጭርና ከቆዳው የተጣበቀ ሲሆን፣ ቀለሙ በአብዛኛው ቡላ ወይም ቀይ ዳማ ይሆናል፤ ጥቁር፣ ነጭና ቡራቡሬም ይገኛል። ጆሮው ሲነቃ ይቆማል ወይም ጫፉ ብቻ ይታጠፋል። ጅራቱ ደግሞ በሚኮራበት ጊዜ ወደ ጀርባው ይቆለመማል። ጆሮው መቆሙና ጅራቱ መቆልመሙ በሰሜን አውሮፓና በእስያ ቀዝቃዛ አገሮች ከሚገኙት «ስፒትዝ» ከሚባሉት ውሾች ጋር በመልክ ያቀራርበዋል። ነገር ግን እነዚያ ለበረዶ የሚሆን ድርብና ወፍራም ጠጉር ሲኖራቸው የጎጃሙ ውሻ የለውም፤ መመሳሰሉም የቅርብ ዝምድናን አያስረዳም።

ስለ ዝርያው አመጣጥ የሚታወቀው ጠቅላላ ነገር ነው። የቤት ውሻ ወደ አፍሪካ የገባው ከምዕራብ እስያ በግብፅ በኩል እንደሆነ፣ በዓባይ ሸለቆም ከሺህ ዓመታት በፊት ከሰው ጋር ይኖር እንደነበረ የመሬት ቁፋሮ ጥናት ያሳያል። በግዕዝ «ከልብ» የሚለው ስሙም ከዓረብኛውና ከዕብራይስጡ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በግብፅ፣ በዩጋንዳና በናሚቢያ የመንደር ውሾች ላይ ተካሂዶ የታተመ የዘር ጥናት ደግሞ አንድ ትልቅ ስሕተት አርሟል። ከዚያ በፊት የአፍሪካ የመንደር ውሻ ከፈረንጅ ዝርያዎች ተቀላቅሎ የተበላሸ ተደርጎ ይታይ ነበር። ጥናቱ ግን ከእነዚህ ውሾች ብዙዎቹ የራሳቸው ጥንታዊ የዘር ሐረግ ያላቸው ነባር እንስሳት መሆናቸውን ገለጠ። ስለሆነም «ዲቃላ ነው» ብሎ የገጠሩን ውሻ ማቃለል ከእንግዲህ በሳይንስ የሚደገፍ አነጋገር አይደለም።

በጠባዩ የጎጃሙ ውሻ እንደ አውሮፓ በግ ነጂ ውሾች በፉጨት ታዝዞ መንጋ የሚሰበስብ አይደለም። ሥራው መጠበቅ ነው። ቀን ከእረኛው ጋር ወጥቶ ከመንጋው ዳር ይተኛል፤ ቀበሮ ወይም ዝንጀሮ ሲመጣ አስቀድሞ ያሸታል፣ ይጮኻል፣ ያባርራል። በቆሎው እሸት በሚሆንበት ወቅት ከማማው ሥር እያደረ ጃርትና ከርከሮን ያስነሣል። ሌሊት ደግሞ የበረቱን አጥር ይዞራል። ለማያውቀው ሰው ክፉ፣ ለቤተሰቡ ልጆች ግን ታጋሽ ነው። ለዚህ ሁሉ አገልግሎቱ የሚከፈለው ዋጋ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ሲገኝም አጓትና አጥንት ነው።

ጅብ፣ ክፉ ቀንና የሌሊት ጥበቃ

የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች የውሻን ታሪክ ከማናቸውም መዝገብ ይልቅ አሳምረው ይዘዋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ታማኝነቱን፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ከሥራው ጊዜ ማሳለፉን፣ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» የሚለው ደግሞ ጠባቂ ሲሳሳት የሚደርሰውን ጥፋት ያመለክታሉ። በሦስቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጅብ መጠቀሱ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። የደጋው ገበሬና የጅብ ትግል የብዙ ዘመን ታሪክ አለውና።

እ.ኤ.አ. በ1770 ሰከላ ከሚገኘው ከግሽ ዓባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ የጎንደርን ከተማ ሲገልጽ ከምሽት እስከ ንጋት ጅቦች መንገዱን ሞልተው ይውሉበት እንደነበረ ጽፏል። ቤተ መንግሥት በነበረበት ከተማ ሁኔታው እንዲህ ከሆነ በገጠሩ ያለው ሌሊት ምን ይመስል እንደነበር ለመገመት አያዳግትም።

ይህ ትግል እጅግ የከፋው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 የቆየው «ክፉ ቀን» የጀመረው በደስታ በሽታ ነው። በሽታው ከብቱን ጠራርጎ ሲፈጅ እርሻ ቆመ፤ ረሃብ ተከተለ። ጅብ፣ ነብርና አንበሳ አቅም ያጣውን ሰው በየመንገዱና በየቤቱ ይደፍሩ እንደነበረ በዘመኑ የጻፉ ሰዎች መስክረዋል። የሚጠበቅ ከብት ባልቀረበት ቤት ውሻው ሰውን የሚጠብቅ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የእንስሳት ሐኪም የሚወስደው ሌላም ትምህርት አለ። ያ አገር ያጠፋ የደስታ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ከመላው ዓለም መጥፋቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታውጇል። ይህ የተገኘው ክትባት ተሸክመው መኪና የማይገባበትን አገር በእግርና በበቅሎ በዞሩ ባለሙያዎች ድካም ነው። ለበሬው የተደረገው እንዲህ ያለ ድካም ግን ለውሻው ገና አልተደረገም።

እብደት፣ መርዝና ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስለዚሁ በሽታ ታሪክና ባህላዊ ሕክምና እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት እንደተመለከተው በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1903 ብርቱ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በዚያን ዘመን የተነከሰ ሰው መድኃኒቱ ጸበልና ሥራ ሥር ነበር፤ እንዶድና የምድር እምቧይ ለዚሁ ጉዳይ ከሚጠቀሱት ዕፀዋት መካከል ናቸው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በዚህ በሽታ ላይ ያዘጋጀውን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። በኢትዮጵያም በ1940ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስሙ የተጠራ ተቋም ተመሠረተ። ተቋሙ ከጊዜ በኋላ ስሙና ኃላፊነቱ እየተለወጠ እስከ ዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢደርስም የአዲስ አበባ ሰው ሠፈሩን እስከ አሁን «ፓስተር» እያለ ይጠራዋል። እዚያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ በተከታታይ ቀናት በሆድ ላይ የሚወጋ፣ ለተወጊውም ሥቃይ የበዛበት ነበር። ኋላ ግን በሴል ላይ የሚመረት፣ በጥቂት መርፌ የሚያበቃና ጉዳቱ ያነሰ ክትባት እየተተካ መጥቷል።

ይህ ሁሉ ጥረት ለተነከሰው ሰው የተደረገ ነው። ለውሻው ግን በየከተማው ለብዙ ጊዜ የተመደበለት መርዝ ነበር። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በመርዝ ሥጋ ይፈጁ ነበር፤ ከእነርሱም ጋር ባለቤት ያላቸው ይሞቱ ነበር። ሆኖም መርዝ በሽታውን አላጠፋውም። የተፈጁት ውሾች ስፍራ ከየአቅጣጫው በሚመጡ ያልተከተቡ ውሾችና በአዲስ ቡችሎች ወዲያው ይሞላልና። በብዙ አገሮች ተፈትኖ የተረጋገጠው ዘዴ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን በየዓመቱ መከተብ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ በመሆኑ ውሻን መከተብ ሰውን መከተብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የዓለም የጤናና የእንስሳት ጤና ድርጅቶችም እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከውሻ በሚመጣ እብደት ሰው እንዳይሞት ግብ የያዙት በዚሁ መሠረት ነው።

ጉዳቱ ከቤት እንስሳና ከሰው አልፎ ዱር ይገባል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና ቁጥሩ ለአካለ መጠን የደረሰው ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ከዚያም በ2003 እና በ2004 በእብደት በሽታ ክፉኛ ተመቷል፤ የበሽታው ምንጭም የመንደር ውሻ ነበር። በጎጃም የነበረው የጮቄ ተራራ ቀይ ቀበሮ ደግሞ መኖሪያው በእርሻና በግጦሽ እየተያዘበት ሄዶ ዛሬ ከዚያ ጠፍቷል።

የአይስላንድ ውሻ ምሳሌ

በሽታን መከላከልና ዝርያን መጠበቅ የተለያዩ፣ አንዳንዴም የሚቃረኑ ሥራዎች ይመስላሉ። አንድ ሥራ መሆናቸውን ለመረዳት ግን በአየር ጠባይዋ ከጎጃም እጅግ የራቀችውን፣ በበግ እርባታዋ ግን የምትመስለውን የአይስላንድን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

የአይስላንድ በግ ጠባቂ ውሻ ከስፒትዝ ወገን ሲሆን በ9ኛው መቶ ዓመት ከሰፋሪዎች ጋር ወደ ደሴቲቱ ገባ። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለት አደጋዎች ደረሱበት። አንደኛው ከውጭ በገቡ ውሾች የመጣ የውሾች ወረርሽኝ ነበር፤ ከውሾቹ እጅግ ብዙዎቹን በመፍጀቱ እ.ኤ.አ. በ1901 ከውጭ ውሻ ማስገባት ተከለከለ። ሁለተኛው ውሻው ራሱ የሚያስተላልፈው የከረጢት ትል በሽታ ነበር። ዴንማርካዊው የእንስሳት ሐኪም ሃራልድ ክራቤ እ.ኤ.አ. በ1863 ወደ ደሴቲቱ ሄዶ በሽታው ከታረደ በግ ወደ ውሻ፣ ከውሻም ወደ ሰው እንደሚዞር አጠና። ለሕዝቡ የሚሆን ትንሽ መጽሐፍም ጽፎ በየቤቱ እንዲታደል ተደረገ። በኋላም በውሻ ላይ ግብር ተጣለ፣ የትል መድኃኒት እንዲሰጥ ተወሰነ፣ ከረጢት የያዘ የሆድ ዕቃም ለውሻ እንዳይሰጥ ታዘዘ። በሽታው በዚህ ዘዴ ከአገሪቱ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ውሻውን ማዳን ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ንጹሕ ዝርያው ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ ማርክ ዋትሰን የተባለ እንግሊዛዊ ከሩቅ ገጠር ጥቂት ውሾችን ሰብስቦ አራባ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአገሪቱ የተቋቋመው የውሻ አርቢዎች ማኅበርም መዝገብ ከፍቶ ዝርያውን ከመጥፋት አዳነ። እዚያ ውሻው ወዳጅ የሆነው በሽታው ከተወገደለት በኋላ ነው። ሰው የሚፈራውን እንስሳ አይጠብቅምና።

አያያዙ

የምዕራብ ጎጃም ገበሬ ውሻውን ለመንከባከብ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን ጥቂት ልማዶችን መለወጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የእርድ ነገር ነው። ለፋሲካ፣ ለገና ወይም ለሠርግ በግና በሬ ሲታረድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለሰው አይሆንም ተብሎ ወደ ውሻ ይወረወራል። በአዙሪት ታሞ የታረደ በግ ጭንቅላትም እንዲሁ። በጉን ያዞረው ግን በአንጎሉ ውስጥ ያለው ከረጢት ነው፤ ያንን የበላ ውሻ ትሉን በአንጀቱ አሳድጎ ዕንቁላሉን በግጦሹ ላይ ይበትናል፤ በሚመጣው ዓመትም ሌላ በግ ይዞራል። በጉበትና በሳንባ ያለው ከረጢትም በዚሁ መንገድ እየዞረ በመጨረሻ የሕፃናትን ጉበት ይይዛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከረጢት ያለበትን የሥጋ ክፍል ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር፣ ለውሻውም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የትል መድኃኒት እንደ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት ነው።

ሁለተኛው ክትባት ነው። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የእብደት መከላከያ መከተብ፣ ከዚያም በየዓመቱ መድገም ይገባል። ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚታለፈው ይህ ነው። ገበሬው በሬውን ለክትባት ሲነዳ ውሻው ተከትሎት ይመጣል፤ ክትባቱን ለውሻውም በዚያው ዕለት ለማዳረስ ማቀድ ከቴክኒሻኑ በኩል የሚጠበቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት የመንገድና የአገልግሎት እጦት ባስከተለበት ጊዜ ይህ ሥራ ይበልጥ ከባድ ሆኗል፤ አስፈላጊነቱም በዚያው መጠን ጨምሯል።

ሦስተኛው አመጋገብና አስተዳደግ ነው። ቡችላ ከእናቱ 8 ሳምንት ሳይሞላው ባይለይ ይመረጣል። በፍርፋሪ ብቻ ያደገ ውሻ አጥንቱ ደካማ፣ በሽታ የመቋቋም ኃይሉም ያነሰ ይሆናል፤ አጓት፣ አሬራና የበሰለ ሥጋ ሲገኝ ቢጨመርለት ይጠቅመዋል። ንጹሕ ውኃ ሊጠፋበት አይገባም። ጨካኝ ይሆናል በሚል እምነት ጆሮውን መቁረጥ ቁስልና ሥቃይ እንጂ ድፍረት አይጨምርለትም። ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻም ሲፈታ ጓዳኛና እንግዳ የማይለይ ይሆናል። ሴት ቡችሎችን ከመጣል ይልቅ አምካኝ ቀዶ ሕክምና በሚገኝበት ማስመከን፣ በማይገኝበትም በሙቀት ጊዜ በግቢ መጠበቅ የተሻለ ነው።

አራተኛው ንክሻ ሲደርስ ሊደረግ የሚገባው ነው። ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ጸበሉና ጸሎቱ ክትባቱን አይከለክልም፤ ክትባቱም ጸበሉን አይከለክልም። የሚገድለው መዘግየቱ ነው፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ መዳን የለምና። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለና ለመያዝ የማያሰጋ ከሆነ ገድሎ ከመጣል ይልቅ ለ10 ቀን አስሮ መመልከት ለሐኪሙ ታላቅ ማስረጃ ይሆናል። ለሙያው ሰዎችም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ምራቁ የሚዝረከረክና ድምፁ የተለወጠ ላም ወይም በሬ ሲቀርብ አንድ ነገር አንቆት ይሆናል ብሎ ባዶ እጅን ወደ ጉሮሮው መስደድ አይገባም። ከብቱ በእብድ ውሻ ተነክሶ ሊሆን ይችላልና።

ማጠቃለያ

በምዕራብ ጎጃም የእንስሳት ጤና ሠራተኛ የከብቱን፣ የበጉንና የበቅሎውን ቁጥር በየቀበሌው ያውቃል። ውሻ ስንት እንዳለ፣ ከእነርሱም ስንቱ እንደተከተቡ የሚጠይቅ ቅጽ ግን እምብዛም አይገኝም። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያሻም፤ በነባሩ ቅጽ ላይ አንድ ዓምድ መጨመር ይበቃል። የውሻው ዕድሜ፣ ፆታ፣ ቀለምና የክትባቱ ቀን በዚያ ዓምድ ሲሰፍር የበሽታ መከላከሉ ሥራ መሠረት ያገኛል፤ ዝርያውን ለማጥናት የሚነሣ ተመራማሪም መነሻ አያጣም።

ዋሸራ በግ ስሟን ያገኘችው አንድ ሰው ቆጥሮ፣ ለክቶ፣ ጽፎ ስላስቀመጠላት ነው። የምትጠበቅበት ውሻም እንደዚሁ ሊቆጠርና ሊጻፍ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ በረቱን ሲዞር ያደረ ዘበኛ ጧት የሚጠብቀው ቁራሽ እንጀራ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ቢጨመርለት ደግሞ የሚድነው እርሱ ብቻ ሳይሆን የሚጠብቀው ቤት ሁሉ ነው።